ፕላዝማው አፍ ነበረው፤ ጆሮ ግን አልነበረውም

(በክረምት ወር ባሕር ዳር ለተሰባሰቡ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ እምብዛም አልተነካም።)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ከዘጌ፣ ከመራዊ፣ ከሐሙሲት፣ ከጢስ ዓባይ በዚህ ዝናብ ማልዳችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ክረምት ለመምህር ቤት የሚጠግንበት፣ ልጁን የሚያሳክምበት፣ አገር ቤት ሄዶ ወላጅ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። ያንን ትታችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጊዜያችሁን በመግቢያ አልፈጅም፤ በሥራ እንጀምር።

ስትገቡ በር ላይ አንዳንድ ወረቀት ተሰጥቷችኋል። አውጡት። አራት ቦታ ተከፍሎ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተጽፎበታል። አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። የመረጣችሁት ፊደል ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ ወረቀቱን እጠፉትና ደረታችሁ ላይ ወደ እኔ አዙራችሁ ያዙት። የጎረቤት ወረቀት አይታይም።

ጥያቄው ይህ ነው። ሐይቃችን ጣና ላይ እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ አረም አለ። ገበሬው ወጥቶ ይነቅለዋል፣ ዳር ላይ ይከምረዋል። ክምሩን ፀሐይ ይመታዋል፤ ውሃው ተንኖ ያልቃል፤ ደረቅ ገለባ ይቀራል። ያ ገለባ ክብደት አለው፤ የተሸከመው ያውቀዋል። እንግዲህ የዚያ የደረቀው ገለባ ክብደት አብዛኛው ከየት መጣ? ሀ፦ ከሐይቁ ደለልና በውሃው ውስጥ ከሟሟው ማዳበሪያ። ለ፦ ከራሱ ከውሃው። ሐ፦ ከአየር። መ፦ ከፀሐይ ብርሃን።

አስቡ። አትንገሩኝ፤ አሳዩኝ።

(ወረቀቶች ተነሡ።)

አመሰግናለሁ፤ አየኋችሁ። አራቱም ፊደል ተነሥቷል። መልሱን አሁን አልነግራችሁም፤ ያየሁትን ይዤ እቀጥላለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀንም። በዚህች ጊዜ ውስጥ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አሰበ፤ እኔም የሁሉንም ሐሳብ አየሁ። «ገባችሁ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ምን ትሉኝ ነበር? «አዎ» ነዋ! ተማሪዎቻችንም የሚሉን ይህንኑ ነው።

ዛሬ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ቅይጥ ትምህርት እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ቅይጥ ትምህርት ስል በተለምዶ ብሌንድድ ለርኒንግ የምንለውን ነው፤ ከፊሉን ትምህርት በመሣሪያ፣ ከፊሉን ፊት ለፊት ማስኬድ ማለት ነው። ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ ያለፍንበትን፣ ሁለተኛ በራሴ ክፍል የወደቅሁበትንና የተነሣሁበትን፣ ሦስተኛ ከእናንተ የምለምነውን። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ።

ካለፍንበት ልጀምር።

ፕላዝማ፣ ማለትም ትምህርት በሳተላይት የሚያስተላልፈው ቴሌቪዥን፣ ወደየትምህርት ቤቶቻችን የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኔ ከፔዳ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ተመርቄ ጠመኔ የያዝኩት በዚያው ሰሞን ነው፤ 9ኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ። ከእናንተ ውስጥ ያኔ መምህር የነበራችሁ አላችሁ፤ ያኔ ተማሪ የነበራችሁም አላችሁ፤ ታስታውሱታላችሁ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ በሰዓቱ ይጀምራል፤ በሰዓቱ ያልቃል። የኛ ድርሻ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ነበር።

አንድ ልጅ ነበረኝ። ዘጌ ቡና ጫካ ውስጥ ያደገ፣ ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ የሚማር። ቅዳሜ በጀልባ ይሻገራል፤ እሑድ ማታ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ ነው፤ 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆነበት። አንድ ቀን ፕላዝማው ስለ ሕዋስ ሽፋን እያስረዳ ይህ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ትንሽ ያቁሙልን» አለኝ።

ምን ላድርግ? ማቆሚያ የለውም። «ቆይ፣ በኋላ አስረዳሃለሁ» አልኩት። በኋላ የሚባለው ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው፤ እሱም ሌላው ክፍል ሲጮህ፣ ደብተር ሲሰበሰብ ያልቃል። ከዚያ ማሳያው ጥያቄ ጠየቀ። ጥቂት ሰከንድ ጠበቀ። ስልሳ ልጅ ዝም አለ። ማሳያው «ቬሪ ጉድ» አለና ቀጠለ።

ያ ልጅ ዞሮ እኔን አየኝ። ሃያ ዓመት አለፈው፤ አስተያየቱን አልረሳሁትም። ምንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ» ተባለ። ልጅ እንዲህ ሲደረግ ምን ይማራል? መልሱ ለማንም ለምንም እንደማያስፈልግ ይማራል። ከዚያ ወዲያ እጁን አላወጣም።

ፕላዝማውን ለመውቀስ አይደለም የመጣሁት። ማይክሮስኮፕ ለሌለው ትምህርት ቤት የሕዋስን ውስጥ አሳይቷል፤ የልብን ትርታ አሳይቷል፤ እኔ ራሴ የተማርኩበት ቀን አለ። ጉድለቱ አንድ ነው፦ አፍ ነበረው፤ ጆሮ ግን አልነበረውም። የምለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህች ላይ ስለሆነ እደግመዋለሁ። አፍ ነበረው፤ ጆሮ አልነበረውም።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም። ፔሩ ለሕፃናቷ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች አደለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ላፕቶፕ ያገኙትን ትምህርት ቤቶች ካላገኙት ጋር ሲያስተያይ በሒሳብም በቋንቋም ልዩነት አላገኘም። መሣሪያው ደረሰ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን እንደነበረ ቆየ። በሌላ በኩል የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያይ ቅይጥ ትምህርት ፊት ለፊት ብቻ ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት ነበረው። ደስ ይላል። ግን አጥኚዎቹ ራሳቸው ማስጠንቀቂያ አስቀምጠዋል፦ በቅይጡ የተማሩት ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ የጥናት ሰዓትና ተጨማሪ ማስተማሪያ ነበራቸው፤ ብልጫው ከመሣሪያው መጣ ማለት አይቻልም። የተጠኑትም አብዛኞቹ ከኛ ተማሪዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። ስለዚህ «ኮምፒውተር ከገባ ውጤት ይመጣል» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። «ኮምፒውተር ለምን?» የሚላችሁንም አትስሙት።

ውጤት ካልኩ አይቀር፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 3.2 በመቶ፤ በ2016 5.4 በመቶ። ምክንያቱን አንድ ነገር ላይ ብቻ አልጥልም፤ እናንተም አትጥሉ። ግን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ አለ፦ እነዚያ ልጆች እንዳልገባቸው ማን ዐወቀ? መቼ ዐወቀ? አሥራ ሁለት ዓመት እፊታችን ተቀምጠው፣ አለመግባታቸውን አገር የሰማው በመጨረሻው ሳምንት ከሆነ፣ በመካከል የነበርነው እኛ ምን እንሰማ ነበር?

እዚህ ላይ ከርዕሴ ትንሽ ወጣ ልበል፤ ፍቀዱልኝ።

አባቴ በልጅነቱ ጎጃም ውስጥ ዋሸራ ቅኔ ተምሯል። ማታ ማታ ምድጃ ዳር የሚነግረን የተማሪነት ታሪኩን ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፋ ቁራሽ ለምኖ መማሩን ይነግረናል። እኔን ይገርመኝ የነበረው ግን ሌላው ነው። «ቀን ቀን የኔታ አያስተምሩም ነበር ወይ?» እለዋለሁ። «ቀን ቅኔ እንቆጥራለን» ይለኛል። ግሱንና አገባቡን ከየኔታ ሰምቶ ይወጣል፤ ከዚያ ብቻውን ወንዝ ዳር ወይ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ደበሎውን ተከናንቦ፣ የራሱን ቅኔ ያወጣል ያወርዳል። ለጀማሪ ሁለት ቤት ናት፤ ጉባኤ ቃና። ሁለት ቤት ለማበጀት ቀኑን ሙሉ ይቆዝማል። ሲመለስ ተራውን ጠብቆ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ። እያንዳንዱን ተማሪ፣ አንድ በአንድ፣ ይሰማሉ። «እዚህ ጋ ተሰብሯል» ይላሉ፤ ያቀናሉ። የጀማሪዎቹን ደግሞ ቀድሞ የሚሰማ ከፍ ያለ ተማሪ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ጆናታን በርግማን እና አሮን ሳምስ የሚባሉ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን ነበሩ። ትምህርት ቤታቸው ገጠር ነው፤ ተማሪዎቻቸው ለስፖርት ውድድር ሩቅ እየተጓዙ ክፍል ያመልጣቸዋል። ለእነሱ ብለው ትምህርታቸውን በቪዲዮ መቅዳት ጀመሩ። ቆየት ብለው አንድ ነገር ተገለጠላቸው፦ ገለጻው በቪዲዮ ካለ፣ የክፍሉን ሰዓት ለምን በገለጻ እንጨርሰዋለን? ገለጻውን ወደ ውጭ አወጡት፤ የቤት ሥራ የነበረውን ወደ ክፍል አስገቡት። ዛሬ ዓለም «የተገለበጠ ክፍል» የሚለው ይህ ነው። ስለ እነሱ ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ብቻውን የሚሠራውን ብቻውን፤ መምህር የሚያስፈልገውን ከመምህር ጋር። የዋሸራው የኔታ ሰዓታቸውን ለምን አዋሉት? ለመስማት።

ወደ ሁለተኛው ልግባ፤ ወደ ራሴ ክፍል።

የተገለበጠ ክፍል የሚለውን እንዳነበብኩ በጉጉት ዘልዬ ገባሁበት። የወንድሜን ስልክ ተውሼ አርባ አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ ቀዳሁ፤ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ጫንኩት። «ቤት አይታችሁ ኑ» አልኩ። በማግስቱ ስገባ አይተው የመጡት ጥቂት ናቸው። ተቆጣሁ። አዎ፣ ተቆጣሁ፤ «እናንተ አትፈልጉም እንጂ» አልኩ።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ አንዲት ልጅ ተከትላኝ ወጣች። «ቲቸር፣ ቤታችን ያለው ስልክ የወንድሜ ነው። ማታ ይዞት ይገባል፤ እኔ ደግሞ ማታ እራት እሠራለሁ። ሠርቼ ስጨርስ እሱ ተኝቷል፤ ስልኩ ቁልፍ አለው» አለችኝ። ሌላው ልጅ ደግሞ አንዱን ቪዲዮ ለማውረድ የገዛው ፓኬጅ ግማሹ ላይ እንዳለቀበት ነገረኝ። ያ የፓኬጅ ብር የምሳው ብር ነበር።

እንግዲህ የማንን ክፍል ነው የገለበጥኩት? ስልክ ያለውን ልጅ አስቀደምኩ፤ የሌላትን ልጅ ደግሞ ሰው ፊት ሰነፍ አልኳት። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይኸው ነገር በአገር ደረጃ ታየ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ስልክና ቴሌግራም ያለው ቀጠለ፣ የሌለው ቆመ። ከዚያ ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ያኔ ስልክ ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ።

ያቺ ልጅ ያስተማረችኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀምጥላችሁ፤ ማስታወሻ የምትይዙ ያዙት፦ ከክፍል ውጭ ማለት ቤት ማለት አይደለም። ልጁ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ግቢያችን ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በትርፍ ክፍለ ጊዜ፣ እዚያው ክፍል ውስጥም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ። መርሐ ግብር የሚያወጣውን ባልደረባዬን ለምኜ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜዬን አያይዤ ተቀበልኩ፤ ሰማንያ ደቂቃ ሆነልኝ። ስልሳውን ልጅ ሦስት ቦታ ከፈልኩት። ሃያው ኮምፒውተር ክፍል ይሄዳል፤ የሚሠሩት ማሽኖች አሥር ቢሆኑ ሁለት ሁለት ይቀመጣሉ፤ ሁለት መሆናቸው እንዲያውም ያነጋግራቸዋል። ሃያው ጥግ ላይ በወረቀት የተዘጋጀ ሥራ በቡድን ይሠራል። ሃያው ከእኔ ጋር ይሆናል። በሃያ አምስት ደቂቃ ይዟዟራሉ።

ሃያ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ስልሳ ልጅ ሲሆን ሕዝብ ነው፤ ሃያ ሲሆን ግን ስም አለው፤ ፊት አለው። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀውን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሰማሁት። ጸጥ ያለ ነው የምለው ልጅ ጸጥ ያለ አልነበረም፤ ተራ ደርሶት አያውቅም እንጂ።

ኮምፒውተር ክፍሉስ ያለ ኢንተርኔት ምን ይሠራል? ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የወጣው፤ የተሠራውም በተለይ ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ነው። አንድ ደህና ኮምፒውተር ላይ ትጭኑታላችሁ፤ ያ ኮምፒውተር በኬብል ወይም በዋይፋይ ለቀሩት ያከፋፍላል። ቪዲዮውን፣ መልመጃውን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ታወርዱታላችሁ፤ ወይም ከሌላ ትምህርት ቤት በሃርድ ዲስክ ትቀዱታላችሁ። ፊዚክስና ኬሚስትሪ የምታስተምሩ፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው ፌት የሚባሉ ነፃ ማስመሰያዎች እዚያው ውስጥ ይገኛሉ፤ ልጁ ራሱ ሽቦ ያገናኛል፣ አምፖል ያበራል፣ ቢሳሳት የሚቃጠል ነገር የለም። የምወደው ግን ሌላውን ነው፦ ኮሊብሪ ልጁ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተሳሳተ፣ ስንቴ እንደሞከረ መዝግቦ ለመምህሩ ያሳያል። ጆሮ አለው! የዘጌው ልጅ የለመነኝ «ትንሽ ያቁሙልን» ደግሞ ልጁ ራሱ የሚጫነው ቁልፍ ሆኗል።

መብራትስ? ይጠፋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ከተማ ተቀምጠን መብራት ስንጠብቅ የምንውልበት ቀን አለ። መብራት የጠፋ ቀን ኮምፒውተር ክፍል የሚሄደው ቡድን የሚሠራው የወረቀት ሥራ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ይህን ሳታዘጋጁ አትጀምሩ። ከተቋረጠ ሰዓት ይልቅ የሚጎዳው ልጆቹ «ይሄም ነገር አለቀለት» ብለው ተስፋ መቁረጣቸው ነው።

የአርባ ደቂቃውን ቪዲዮ ጣልኩት። አሁን የምቀዳው የአራት የአምስት ደቂቃ ድምፅ ነው፤ በአማርኛ። ቃሉ እንግሊዝኛ ይሆናል፣ ማብራሪያው አማርኛ። ድምፅ ትንሽ ነው የሚበላው፤ በሚሞሪ ካርድም በብሉቱዝም ይተላለፋል። አንዲት እናት ገበያ ውላ ማታ ልጇ የምትሰማውን ስለ ኩላሊት የቀዳሁትን አብራ ሰምታ፣ በማግስቱ «ለካስ ውሃ ጠጡ የምትሉን ለዚህ ነው!» ብላ መልእክት ልካልኛለች። በእንግሊዝኛ ቢሆን ይህች እናት ትምህርቱ ውስጥ ትገባ ነበር?

አሁን እጃችሁ ላይ ወዳለው ወረቀት ልመለስ።

ይህን ነገር የጀመርኩት በስልክ ነው። ፕሊከርስ የሚባል አለ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ጥቁርና ነጭ ምልክት ያለበት ካርድ ታትሞ ይሰጠዋል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያሳተምኩት። ካርዱን ባዞረው አቅጣጫ መልሱ ይለወጣል። መምህሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ክፍሉን ሲቃኝ የሁሉንም መልስ ከነስማቸው ያነብባል። ስልክ የሚያስፈልገው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለመምህሩ። የአንዱ ካርድ ምልክት ከሌላው ስለሚለይ ልጅ ከጎረቤቱ መቅዳት አይችልም፤ ማን እንደተሳሳተም ክፍሉ አያውቅም፤ እኔ ብቻ ዐውቃለሁ። በመሳሳት የሚታፈርበት ክፍል ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ፕሊከርስም ተቋረጠ። ለጥቂት ቀን አዘንኩ። ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው «ቲቸር፣ በደብተር ወረቀት ለምን አንሠራውም?» አሉኝ። ሠሩት። እጃችሁ ላይ ያለው የእነሱ ፈጠራ ነው። ስም አይመዘግብም፤ ሌላውን ሁሉ ያደርጋል።

የመጀመሪያ ጊዜ በእጅ ማውጣት ሳይሆን በካርድ የጠየቅሁት የዛሬውን የእምቦጭ ጥያቄ ነው። ፎቶሲንተሲስን አስተምሬ ጨርሻለሁ፤ ቀመሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ፤ እነሱም ደብተራቸው ላይ ገልብጠዋል፤ በቃል ይሉታል። «ገባችሁ?» «አዎ!» ከዚያ ካርዱን አስነሣሁ። ከግማሽ በላዩ ያነሣው የተሳሳተውን ነው። ሁልጊዜ እጁን የሚያወጣው ጎበዝ ተማሪዬም ጭምር። ስንት ዓመት ይህን ምዕራፍ አስተምሬ «ተረድተዋል» ብዬ አልፌአለሁ? ካርዶቹን እያየሁ ቆሜ ስለ ቀደሙት ተማሪዎቼ አሰብኩ።

ሃርቫርድ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር የሚባል የፊዚክስ ሊቅም ይኸው ደርሶበታል። ተማሪዎቹ ከባዱን ስሌት ይሠራሉ፤ ቀላሉን «ለምን?» ግን ይስታሉ። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ማድረግ ያዘ፦ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሁሉም ለብቻው ይመልሳል፤ ከዚያ መልሱን ሳይናገር «ከጎናችሁ ያለውን ሰው አሳምኑ» ይላቸዋል፤ ተከራክረው ሲጨርሱ እንደገና ይመልሳሉ። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ክፍሉ ገበያ ሆነ። በዚያ ጫጫታ ውስጥ ግን ስለ ካርቦን ነበር የሚጮሁት! ርእሰ መምህሩ ምን ተፈጠረ ብለው በመስኮት አይተው ሄዱ። አሁን የገባው ልጅ ትናንት ያልገባው ነበርና፣ ጓደኛው የት ላይ እንደተሰናከለ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

አንድ ነገር ጨምሬ ሁለተኛውን እዘጋለሁ። ልጆቻችን ሲያጠኑ ምን ያደርጋሉ? ደብተር ደጋግመው ያነብባሉ። ሮዲገር እና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጡ። ከፊሉ ደጋግሞ አነበበው፤ ከፊሉ ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። ስለዚህ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ አንዱ የትናንት፣ አንዱ ያለፈው ሳምንት፣ አንዱ ያለፈው ወር። ኢንተርኔት ሲኖር በቴሌግራም ኩይዝ፣ ሳይኖር በዚህ ወረቀት። ማርክ የለውም። ማርክ ካደረጋችሁበት መስረቅ ይጀምራሉ፤ ያኔ ጆሮው ይደፈናል።

ሦስተኛው ልመናዬ ነው፤ አጭር ነው።

ርዕሳነ መምህራን፣ እለምናችኋለሁ፦ ሪፖርት ስትጽፉ «ስንት ኮምፒውተር አለ» በምትሉበት ቦታ «በዚህ ሳምንት ስንት ተማሪ ተጠቀመበት» ብላችሁ ጻፉ። አቧራ እንዳይነካው ተብሎ የተቆለፈ ኮምፒውተር ክፍል አይቻለሁ። ቁልፉ ለመምህሩ ይሰጥ። ብልሽቱ በመምህሩ ደመወዝ ይተካል የሚባለው ነገርም ይቅር፤ የሚፈራ መምህር አይከፍተውም።

ተማሪ ስልክ ይዞ ክፍል አይግባ የምትሉ አላችሁ፤ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ። ከላይ የነገርኳችሁ ሁሉ የተማሪ ስልክ አይፈልግም።

ወጣት መምህራን ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ትጠይቁኛላችሁ። መለኪያዬ ያው ነው፦ የልጁን ሐሳብ እንድሰማ ይረዳኛል? ጥያቄ ለማዘጋጀት፣ የወረቀት ሥራ ለማበጀት ተጠቀሙበት፤ ያወጣውን አጣርታችሁ። ልጁ መልሱን አስጽፎ ካመጣልኝ ግን የሰማሁት ማሽኑን ነው፤ ልጁን አልሰማሁትም።

ደግሞ ሁሉንም ባንዴ አትጀምሩ። መስከረም ላይ አንድ ክፍል፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ወረቀት። ኮሊብሪውን ጥቅምት ላይ ትደርሱበታላችሁ።

አሁን ወረቀታችሁን እንደገና አውጡ። ቅድም የመረጣችሁትን ታስታውሳላችሁ። ሦስት ደቂቃ እሰጣችኋለሁ። ከጎናችሁ ወዳለው ሰው ዙሩና አሳምኑት። ጀምሩ።

(አዳራሹ ተነጋገረ።)

እሺ፣ እሺ። ያላለቀ ክርክር አለ፤ ምሳ ላይ ትቀጥሉታላችሁ። አሁን እጠፉና አሳዩኝ።

ተመልከቱ! ብዙ ሰው ፊደሉን ቀይሯል። መልሱ ሐ ነው፤ ከአየር። የደረቀው ገለባ በአብዛኛው ካርቦንና ኦክስጅን ነው፤ ሁለቱም የመጡት ቅጠሉ ከአየር ከሳበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከውሃው የሚወስደው ሃይድሮጅን አለ፤ በክብደት ግን ጥቂት ነው። ብርሃን ጉልበት ነው፤ ክብደት አይሆንም። ሀ ያላችሁ አትዘኑ፤ ከእርሻችን ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ እምቦጩን ፈጥኖ እንዲባዛ ያደርገዋል፤ የምትሉት በዚያ በኩል እውነት አለው፤ ክብደቱ ግን ከዚያ አልመጣም።

ለ ያላችሁም ታላቅ ሰው ተከትላችኋል። ቫን ሄልሞንት የሚባል ሊቅ ወደ 90 ኪሎ የሚሆን ደረቅ አፈር መዝኖ፣ ከ2 ኪሎ ትንሽ የምትበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ 77 ኪሎ ገደማ ሆነች፤ ከአፈሩ የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። አፈሩ እንዳልሆነ በሚዛን አረጋገጠ። ታዲያ ከየት መጣ? «ከውሃው» አለ፤ ሥራው በ1648 ታትሞ ወጣ። አየሩን አልጠረጠረም። እሱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቢኖር ለ ያነሣ ነበር፤ የሚያሳምነው ጎረቤትም አላገኘም።

ሰዓቴ አልቋል። ከኋላ እጅ አይቻለሁ፤ ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት መምህር። ቅድም መ ነበር ያነሡት፤ አሁንም መ ነው። መልሱን ሰምተውም አልተቀበሉትም። ይነሡና ይንገሩን፤ ማይኩን ያድርሱላቸው። እየሰማሁዎት ነው።